የሜምፊቦስቴ አህያ

የሜምፊቦስቴ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ንጉሥ ዳዊት ለወዳጁ ለዮናታን ልጅ ያሳየው ደግነት ነው። አሳዛኙ ግን በኋላ ይመጣል። ዳዊት ከአቤሴሎም ሲሸሽ፣ ሁለት እግሩ ሽባ የሆነው ሜምፊቦስቴ አህያ ጭኖ ሊከተለው አሰበ፤ አገልጋዩ ሲባ ግን አህዮቹን ነድቶ ቀደመውና ጌታውን በከዳተኛነት ከሰሰው። ንጉሡም አምኖ ርስቱን ለከሳሹ ሰጠ። ከንጉሥ ማዕድ የሚበላ፣ ቀለብ ያልጎደለበት ሰው መሄጃ በማጣቱ ርስቱንም ስሙንም ተነጠቀ። ዳዊት ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ እንኳ ያስመለሰለት ግማሹን ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ለአካል ጉዳተኛ በራሱ መንቀሳቀስ ከምጽዋት የሚቆጠር ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን ነው።

የዛሬው አህያ ባጃጅና መኪና ነው። በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ መተማ ዮሐንስ ወይም ገንዳ ውኃ ላይ ባጃጅ የሚነዳን ሰው እጅ ልብ ብሎ ላየ፣ መንዳት በአብዛኛው የእጅ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ቀኝ እጁ ነዳጅ ይሰጣል፤ ግራው ፍሪሲዮን ይይዛል፣ ማርሽ ይለውጣል። እግር የሚፈለገው ለፍሬን ነው። ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የላትም፤ ከመሪው ሥር የሚገጠም አንድ የእጅ ዘንግ ሁለቱንም ፔዳል ይተካል፤ ሲገፉት ፍሬን ይይዛል፣ ሲስቡት ፍጥነት ይጨምራል። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ሕመሙ እውነት ነው፤ ከሹፌሩ ወንበር ያራቀው ግን ፍሬን በእግር እንዲሆን የወሰነው ሠሪ ነው። በእርግጥ ፍሬን በየጋራዡ ተበይዶ የሚሞከር ነገር አይደለም፤ ምርመራና ፈቃድ ይፈልጋል። ሰሊጥ አጫጁ ለዕለት ጉርሱ በሚታገልበት ቆላ ይህ ቅንጦት ነው የሚለኝም አይጠፋም። ነገር ግን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪኩ መምጣቱ አይቀርም። ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያሻግረው መስመርም በዚያው በገንዳ ውኃ (ሸሂዲ) በኩል ያልፋል (ከሥሩ ያለው መንደር ሁሉ መብራት አለው ማለቴ አይደለም)። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት 20ኛ አንቀጽም የሚናገረው ስለዚሁ፣ በተቻለ መጠን ራስን ችሎ ስለመንቀሳቀስ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መደጋገፍ በጎ ከሆነ፣ ሰውን ከደጋፊው ማላቀቅ ፍቅርን አያሳሳም ወይ? የብሪታንያ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ያደለው ኢንቫካር የተባለ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ይህን ስጋት በከፊል ያጸድቀዋል። ወንበሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እናት ልጇን አሳፍራ መሄድ አትችልም ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ለደኅንነት ሲባል ከመንገድ ወጣ። ጥፋቱ ግን በእጅ መነዳቱ አልነበረም፤ ባለቤቱን ለብቻው አስቀምጦ መለየቱ ነው። በተራው መኪና ወይም በተራው ባጃጅ ላይ የተገጠመ የእጅ ፍሬን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ትናንት ሰው ተሸክሞ ገበያ ያደርሰው የነበረው ዛሬ ከኋላው ሦስት ሰው ጭኖ ኪዳነ ምሕረት ወይም መስጊድ ያደርሳል፣ ሒሳብም ይቀበላል።