«ናይስ» መባልና ጨዋነት

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድርያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በየዕለቱ ከሚሰማቸው የእንግሊዝኛ የሙገሳ ቃላት መካከል «ናይስ»ን ያህል የሚደጋገም ጥቂት ነው። አየሩ ናይስ ነው፤ ጫማው ናይስ ነው፤ ሰውየውም ናይስ ነው። ለአየር፣ ለጫማና ለሰው በአንድነት የሚበቃ ቅጽል የሰውን ምግባር ሊመዝን ይችላልን?

የቃሉ ምንጭ «የማያውቅ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ «ኔስኪዩስ» ነው። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ1300 ገደማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ «ናይስ» ማለት ቂል ማለት ነበር። የ14ኛው ምዕተ ዓመት ባለቅኔ ቾሰርም በዚሁ ትርጉም ተጠቅሞበታል። ቆይቶ መራጭ፣ ጥንቁቅ፣ ረቂቅ ወደ ማለት ዞረ። «ደስ የሚያሰኝ» የሚለውን ትርጉም ያገኘው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነው።

በእኛም ቋንቋ ተመሳሳይ ጉዞ ያደረገ ቃል አለ። «ጨዋ» ምርኮንና ስደትን ከሚያመለክተው ከግዕዙ «ፄዋ» ጋር ይዛመዳል። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የንጉሠ ነገሥቱ ጭፍራ መጠሪያ ነበር። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ ማለት ነው። ዛሬ በየቤቱ ጨዋ የምንለው አንደበቱ የታረመ፣ ጠባዩ የተመሰገነ ሰውን ነው።

እርግጥ ነው፣ የቃል መነሻ ፍርድ አይደለም። የጨዋ ክብርም ከአለማወቁ ሳይሆን ከማዕረጉ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሁለት የተራራቁ ቋንቋዎች የማያውቀውንና የተመሰገነውን ሰው በአንድ ስም መጥራታቸው አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ የምናመሰግነው መልካምነትን ነውን ወይስ አለማስቸገርን? የማያውቅ አይጠይቅምና፤ የማይጠይቅም አያስቸግርምና።

ጥያቄው በስደት ዓለም የዳቦ ጥያቄ ይሆናል። የ1938ቱ የአሜሪካ የሥራ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ለአብዛኛው ሠራተኛ የትርፉ ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆን ያዛል። አንድ ወገናችን 60 ሰዓት ሠርቶ በመደበኛው ሒሳብ ሲከፈለው ዝም ቢል፣ አሠሪው «ናይስ ሰው ነው» ይለዋል፤ እኛም «ጨዋ ልጅ ነው» እንለዋለን። ሁለቱ ሙገሳዎች በአንድ ዝምታ ላይ ይገናኛሉ። ሕጉን እያወቀ፣ የልጆቹን ጉሮሮ አስቦ፣ ጊዜ እየጠበቀ ዝም ያለ እንደሆነ ትዕግሥት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ሳያውቅ ዝም ያለ እንደሆነ ግን ያ ሙገሳ የጥንቱን የ«ናይስ» ትርጉም ከመድገም አያልፍም።

ትሕትና ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በባዕድ አገር ለስላሳ አንደበት ኑሮን ያቀላል። ነገር ግን ሰላምታ ደጃፍ እንጂ ቤት አይደለም። ቋንቋችን ከጨዋ ሌላ «ደግ» የሚል ቃል አለው፤ ደግነት የሚታወቀው በአኳኋን ማማር ሳይሆን ለሌላው በሚከፈል ዋጋ ነው። ትናንት ለመጣው ወገኑ መብቱን የሚያስረዳ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን ጸጥታ ያውክ ይሆናል፤ ናይስ መባሉም ይቀርበት ይሆናል። ደግ መሆኑን ግን ማን ይክደዋል?

እንግዲህ ልጆቻችንን ጨዋ ሁኑ ስንል፣ ዕወቁ፣ ጠይቁም ማለትን እንጨምር። ዕውቀት የሌለበት ጨዋነት ለሌላው ምቾት እንጂ ለባለቤቱ ክብር አይሆንም።