ተረት ሰሚውን ወዴት ይመራዋል?

ሰው በጆሮው የሰማውን በልቡ ያሳድራል፤ በልቡ ያሳደረውንም ውሎ አድሮ በእጁ ይሠራዋል። ስለዚህ አባቶቻችን ልጅን ሲያሳድጉ አድርግ፣ አታድርግ በማለት ብቻ አልተወሰኑም፤ ማታ በእሳት ዳር ተረት፣ በቤተ ክርስቲያንም ስንክሳርና ተአምር እያሰሙ አሳደጉት እንጂ። እንግዲህ ታሪክ የሰውን ጠባይ የሚለውጥ ከሆነ፣ ታሪክ ነጋሪው ስለ ሰሚው ምግባር ይጠየቃልን? ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ይህ ነው።

ነገሩን የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ፈትነውታል። በአሜሪካ አገር አልበርት ባንዱራ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ አሻንጉሊት የሚደበድብ ትልቅ ሰው ያዩ ሕፃናት እርሱን አብነት አድርገው ሲደበድቡ ታይተዋል፤ ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልሸለማቸውም። የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ ደግሞ ይህን ትምህርት በድራማ ላይ አዋለው። በእርሱ ሥርዓት በታሪኩ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይቀርባሉ፤ አንዱ መልካም፣ አንዱ ክፉ፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚያመነታ ነው። ሰሚው ራሱን የሚያገኘው በሚያመነታው ሰው ዘንድ ነው።

በአገራችንም በዚሁ ሥርዓት የተዘጋጀው «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል በአማርኛ ተላልፏል። አዘጋጁ ድርጅት እንደ ገለጸው፣ ድራማውን የሰሙ ወንዶች ካልሰሙት አራት እጥፍ፣ ሴቶችም ሦስት እጥፍ ያህል ለኤች አይ ቪ ደማቸውን ተመርምረዋል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለውን ድራማ የሚከታተል ሰው አስቀድሞም ለምርመራው የቀረበ ልብ ሊኖረው ይችላልና፣ ልዩነቱን ሁሉ ለድራማው መስጠት አይገባም። ቢሆንም ብዙ ማስታወቂያ ያላነቃነቀውን ሰው የጎረቤቱን ኑሮ የሚመስል ታሪክ እንደሚያነቃንቀው መካድ አይቻልም።

ዳሩ ግን ከተዘጋጀው ድራማ ይልቅ፣ ማንም ሳያዘጋጀው በየሰፈሩ የሚነገረው ወግ ይበረታል። ለዚህም ምስክራችን አራዳ ነው። አራዳ በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረ ታላቅ የገበያ ስፍራ ነው። ገበያው በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ቢዛወርም፣ የስፍራው ስም የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ «አራዳ» የነቃ፣ የማይታለል ሰው ተባለ፤ በቀላሉ የሚታለለው ደግሞ «ፋራ» ተባለ። አራዳው ለገበያ የመጣውን ባላገር እንዴት እንዳታለለው ሲወራ ሰሚው ሁሉ ይሥቃል። ባላገሩ የበሬውን ዋጋ ተቀምቶ ለልጆቹ ምን ይዞ እንደ ገባ ግን ወጉ አይናገርም። እንዲህ ያለውን ወግ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ማታለልን ከሌብነት ለይቶ ብልህነት ነው ቢል ምን ይደንቃል?

በሌላ በኩል ግን አራዳ ሲባል፣ ያለውን ለባልንጀራው የሚያካፍል፣ እንግዳውም እንዳይታለል አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሰው ነው የሚሉም አሉ። ስሙ አንድ ሲሆን ታሪኩ ሁለት ነው። በዚያው በፒያሳ የሚገኘው የሀገር ፍቅር ቴአትርም መነሻው በ1927 ዓ.ም. ጠላት በደጅ ሳለ የተመሠረተው ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ በንግግር፣ በዜማና በጨዋታ ሕዝቡን ለአገሩ ነጻነት ያነሣሣ ነበር። ያው አንደበት ለማታለልም፣ ራስን ስለ ሌላው ለመስጠትም ያነሣሣል ማለት ነው።

ምናልባት፣ ታሪክ ሰውን ሳያውቀው የሚይዝ ወጥመድ ከሆነ በእርሱ ማስተማር ራሱ ማታለል አይደለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሱን ከነቢዩ ናታን እናገኘዋለን። ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ገብቶ፣ ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ እንደ ወሰደበት ነገረው። በመጀመሪያ፣ የተበደለውን ድሃ ከታሪኩ አላስወጣውም። ሁለተኛም፣ ፍርዱን ለንጉሡ ተወለት እንጂ አልፈረደለትም። ሦስተኛም፣ ታሪኩ ስለ ማን እንደ ተነገረ በመጨረሻ በግልጥ አሳወቀው። እነዚህ ሦስቱ ያሉበት ታሪክ ትምህርት ነው፤ የጎደሉት ግን ወጥመድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ቤቱ ቢፈርስም ወጉ ከሰዎቹ ጋር ሄዷል፤ በአዲሱም ሰፈር ልጆች ይሰሙታል። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ወጉን ከልክሉ አንልም፤ ሳቁም ኃጢአት ነው አንልም። ነገር ግን ስለ አራዳው ስታወሩ የባላገሩንም መንገድ እስከ ቤቱ ድረስ ተርኩት፤ ከዚያም ልጁን፣ አንተ በዚያ ብትኖር ከማን ጋር ትቆም ነበር? ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም ሳትቸኩሉ ጠብቁት።