«አመነ» የሚባለው ሰው

የሰው ልጅ የውስጡን የሚገልጥባቸው ስፍራዎች ብዙ ናቸው። ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ ሼኩን ያማክራል፤ ለሐኪሙ ሕመሙን ያዋያል፤ ሆድ ያባውንም ብቅል ያወጣዋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ስፍራ ግን አለ፤ እርሱም የፖሊስ የምርመራ ክፍል ነው። እዚያ የሚናገረው ሰው አድማጩን አልመረጠም፤ የመናገሪያውን ሰዓት አልወሰነም፤ ቃሉ ከአፉ ወጥቶ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላም መልሶ ሊወስደው ቢሞክር በቀላሉ አይሆንለትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና። ለመሆኑ በዚህ ሁኔታ የተነገረ ቃል የጥፋተኛውን ኅሊና በእርግጥ ያሳያልን? ወይስ የሚያሳየው፣ ሰው ተይዞ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ብቻ ነው?

ቋንቋው ራሱ የጥያቄውን ክብደት ይመሰክራል። «አመነ» የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት ፍቺ አለው። አንድም በልቡ እውነት ነው ብሎ ተቀበለ፣ አንድም የተጠየቀበትን ጥፋት አዎን ፈጽሜአለሁ አለ ማለት ነው። «ካደ» የሚለውም እንዲሁ ሃይማኖቱን የተወውንም፣ ክሱን ያልተቀበለውንም ይጠራበታል። ፍርድ ቤት የተከሳሹን መልስ «የእምነት ክህደት ቃል» ብሎ ሲመዘግብ የአፍን ነገርና የልብን ነገር በአንድ ስም ይጠቀልላቸዋል። «ምርመራ» የሚለው ቃልም ቢሆን ፖሊስና ሐኪም የሚጋሩት ነው። ከዚህ የተነሣ እውነት በሰውየው ውስጥ እንደ በሽታ ተደብቃ የምትገኝ፣ ብልህ መርማሪ ፈልጎ የሚያወጣት ነገር ትመስላለች። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ይህን ጥያቄ በጭሮ ከተማ ማንሣት የተለየ ትርጉም አለው። በጨርጨር ተራሮች መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘውን ይህችን ከተማ አሰበ ተፈሪ በሚል ስም የቆረቆሯት የጨርጨር ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚሁ ሰው የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት፣ በዘመኑም የታገደው የ«ፋቡላ» ደራሲ ናቸው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ነበሩ፤ በዚያም ውስጥ ማንም ኢትዮጵያዊ ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ እንዳይያዝና እንዳይታሰር የሚል ድንጋጌ ነበረ። አንዲቱ እጅ ተውኔትንም ሕግንም ጻፈች ማለት ነው። ሁለቱ የሚቀራረቡ አይመስሉም። ይሁንና ሕግ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን አንድ ቁም ነገር ተውኔት ያስታውሰዋል። ቃል በተናጋሪው ልብ ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ የሚወለደው በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ጠያቂው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል።

በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ አካባቢ ጫት የገበሬው ገንዘብ ነው፤ ማሳውም ሌሊት በጥበቃ የሚያድርበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል፣ ከሰው ማሳ ጫት ቆርጧል ተብሎ በሌሊት የተያዘ አንድ ወጣት ይታሰብ። ድርጊቱንም በእርግጥ ፈጽሟል እንበል። ይህ ወጣት መጀመሪያ ይክዳል። ክህደቱ ግን ሁልጊዜ ተንኮል ብቻ አይደለም። የሚሸሸው ከድርጊቱ ይልቅ ድርጊቱ ከሚያመጣበት ስም ነው። የቆረጠው በአንድ ሌሊት ነው፤ «ሌባ» መባሉ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ቀጥሎ ከእውነቱ ጥቂት ቆንጥሮ ይሰጣል፤ «በዚያ አልፌያለሁ፤ አልገባሁም» ይላል። በመጨረሻም በአገራችን የምርመራ ክፍሎች ሁሉ የታወቀችው ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው»።

ይህችን አባባል እንደ ተራ ማመካኛ አድርጎ ማለፍ አይገባም። ተናጋሪው በውስጧ ራሱን ለሁለት ከፍሏል። አንዱ የሠራው ነው፤ ሌላው የሚያፍረው ነው። የሚያፍረውን በዚህ ወገን አቁሞ የሠራውን በወዲያ ማዶ ይተወዋል። ጥፋተኛው በሙሉ ልቡ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን መለያየት ባልፈለገው ነበር። ልምድ ያለው መርማሪ ደግሞ ይህን ያውቃል። «ሰርቀሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ችግር ነው እንዲህ ያደረሰህ፣ ወይስ ባልንጀሮችህ ገፋፍተውህ?» ይላል። ሁለት በር ይከፍትለታል፤ ሁለቱም የሚያስገቡት ወደ አንድ ቤት ነው። ወጣቱ እፍረቱ የሚያንሰውን በር ይመርጣል።

የሚያናግረው ፍርሃት ብቻ አይደለም። ምሥጢር የያዘ ሰው ብቸኛ ነው። በዚያች ሰዓት ታሪኩን ለመስማት የሚሻ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር ባላንጣው የሆነው መርማሪ ብቻ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ራስኮልኒኮቭ መርማሪውን ፖርፊሪን እየሸሸ የሚቀርበው፣ እየጠላም የሚፈልገው ስለዚህ ነው። የጥፋተኛው ሥነ ልቦና በምርመራ ጊዜ የሚገልጠው ትልቁ ነገር እንግዲህ ጭካኔው አይደለም፤ ከሰው ጋር መልሶ ለመገናኘት ያለው ጉጉት ነው።

አሁን ደግሞ ያው ወጣት ድርጊቱን አልፈጸመም እንበል። ክፍሉ ያው ነው፤ ብቸኝነቱ ያው ነው፤ የተከፈቱለትም ሁለት በሮች እነዚያው ናቸው። ጥፋተኛውን ያናገረው ጉጉት ንጹሑንም ያናግረዋል። የዚህ ማስረጃ ከሩቅ አገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአይስላንድ ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ደብዛቸው ጠፋ። የተጠረጠሩት ወጣቶች ለረጅም ጊዜ ለየብቻ ታስረው ሲጠየቁ ከቆዩ በኋላ ቃላቸውን ሰጡ፤ ስድስቱም ተፈረደባቸው። የጠፉት ሰዎች አስከሬን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከስድስቱ አምስቱን ነጻ አወጣቸው። ቀድሞ በዚያው አገር ፖሊስ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ጊስሊ ጉድዮንሰን እንዲህ ያለውን ነገር በማጥናት ይታወቃል። ከተጠያቂዎች መካከል ጭንቁ እንዲያበቃለት ብቻ አደረግሁ የሚል አለ፤ ከዚህ የባሰው ግን የራሱን ትዝታ መጠራጠር ጀምሮ በመጨረሻ ሳያደርግ እንዳደረገ የሚቀበለው ነው። ይህ ሰው በሁለቱም ፍቺ «አመነ»። በአፉም በልቡም አመነ፤ እውነት ግን አልነበረም።

በሰውየውና በወረቀቱ መካከል ደግሞ ሌላ ርቀት አለ። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን፣ የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ ወይም የሚኤሶ አካባቢ የሶማሌ አርብቶ አደር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ በቋንቋው ሲናገር፣ ቃሉ የሚጻፈው በአማርኛ ነበር። አስተርጓሚው የሰማውን ይናገራል፤ ጸሐፊው የተነገረውን ይጽፋል፤ በወረቀቱ ላይ ግን «እኔ» እያለ የሚናገረው ተጠያቂው ነው። ማንበብ ሳይችል አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትምበታል። ዛሬ የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ በመሆኑ ይህ ርቀት በጭሮ እጅግ ጠቧል፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። የሚንተባተብ፣ የሚያለቅስ፣ ዝም የሚል ሰው በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ በወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የሚናገር ሰው ይሆናል።

ኅብረተሰባችን እውነትን ከሰው ለማውጣት ብዙ መንገድ ሞክሯል። በሌባ ሻይ ሥርዓት መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡን በመቀነት ታስሮ እየተመራ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። በአውጫጭኝ ደግሞ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «ራስህን አጋልጥ» የሚለው ትእዛዝ በየቀበሌው ተስተጋባ፤ ራሱን ያጋለጠም ሌላውን እንዲያጋልጥ ተገደደ። ወፌ ላላ የሚባለው ግርፋትም እስከ ዛሬ በብዙዎች ሰውነት ላይ ጠባሳውን ትቷል። በአዲስ አበባ የሚገኘው፣ በ2010 ዓ.ም. የተዘጋው ማዕከላዊ ምርመራም የዚሁ ታሪክ ምዕራፍ ነው። ይህ ሁሉ የተሠራው በእውነት ስም ነበር፤ የተሰበሰበው ግን ቃል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ልጇ የተገደለባት እናት፣ ማሳው የተዘረፈበት ገበሬ እውነቱን የማወቅ መብት የላቸውምን? የጣት አሻራ የሚያነሣ ባለሙያ በማይደርስበት ገጠር፣ የዓይን ምስክርም በሌለበት ሌሊት፣ ከጥፋተኛው አንደበት በቀር ምን ማስረጃ ይገኛል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጠይቀውም ወገን የተበደለ ነው። ይሁንና ያለ እውነት የተዘጋ መዝገብ ተበዳዩን ሁለተኛ ይበድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በደረሰ ጥቃት አምስት ልጆች ተፈረደባቸው፤ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 ዓመት ነበር። ዋናው ማስረጃ በምርመራ የሰጡት ቃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እውነተኛው አጥቂ ራሱ ሲናገርና የዘር ምርመራውም ሲያረጋግጥ ፍርዱ ተሻረ። ልጆቹ ተይዘው ሳለ ግን ያ ሰው በሌሎች ሴቶች ላይ ግፍ መሥራቱን ቀጥሎ ነበር። የሐሰት ቃል የሚጠብቀው ጥፋተኛውን እንጂ ተበዳዩን አይደለም።

የአገሪቱ ሕግ ይህን ከተገነዘበ ቆይቷል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ27ኛው አንቀጽ ተጠያቂው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ ሊነገረው ይገባል ይላል፤ በ31ኛው አንቀጽ ደግሞ ፖሊስ በማስፈራራትም ሆነ ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ19ኛው አንቀጽ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ዝም አይነቅዝም የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ሕጋዊ መልክ ይዟል። ዝምታ የጥፋት ምልክት አይደለም፤ ሰው ቃሉ የራሱ እንደሆነች የሚያስጠብቅበት አጥር ነው። አጥር የሌለው ሰው የሚሰጠው ቃል ስጦታ አይደለም፤ ዝርፊያ ነው።

ሰው በነጻነት ሲያምን ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ምዕራብ ሐረርጌ መመለስ ይበቃል። የኢቱ ኦሮሞ የሸንጎ ስፍራ ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው በዚሁ ምድር ነው። በኦሮሞ ባህል ደም ሲፈስ ጉማ የሚባል የዕርቅና የካሳ ሥርዓት አለ። ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ፤ የገዳይ ወገን ጥፋቱን ይቀበላል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ ቂሙ ይሻራል። በዚህ ሥርዓት ቃሉ የሚነገረው ለመዝገብ ሳይሆን ለተበደለው ነው። ተናጋሪውም ከቃሉ በኋላ ከሰው ጋር ለመኖር ተስፋ አለው። በምርመራው ክፍል የታየው ያ ወጣት «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ሲል ሲፈልገው የነበረው ይኸው ነው፤ ቦታውንና ሰሚውን አጣ እንጂ።

እንግዲህ የምርመራ ክፍል የጥፋተኛውን ነፍስ ያሳያል የሚል ሁሉ፣ አብሮ የጠያቂውንም ነፍስ እንደሚያሳይ ሊያስብ ይገባል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል የሁለቱ ሥራ ነውና፣ ኃላፊነቱም የሁለቱ ነው። መርማሪ የሰማውን ቃል የነገሩ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ አድርጎ ቢይዘው፣ በምድር ላይ ባለው ማስረጃ ቢመዝነው፣ እስኪረጋገጥም ቢታገሥ ለተበዳዩም ለተጠርጣሪውም ፍትሕ ያደርጋል። አበው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት ጊዜ ስጧት ሲሉ ነው፤ በጨለማ ጨምቃችሁ አውጧት አላሉም።