የተሸፈነ ገመና እና የተደበቀ በሽታ

 

ከዒድ በኋላ በነበረው ጁሙዓ አንድ ወንድም ሶላት እንዳለቀ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቆ አናገረኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ረመዷንን ሙሉ መጠጥ አልቀመሰም፤ ዒድ በዋለ በሦስተኛው ቀን ግን ተመለሰበት። «ሦስት ዓመት ሆኖኛል፣ ማንም አያውቅብኝም» አለኝ። ሐኪሙ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች ወደሚሰባሰቡበት ስብሰባ እንዲሄድ መክሮታል። እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነው፦ «አላህ የሸፈነልኝን ገመና ሰው ፊት ብገልጠው ሌላ ወንጀል አይሆንብኝም ወይ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኡመታቸው ይቅር እንደሚባል፣ ወንጀላቸውን በይፋ የሚያወጡት ግን ከዚህ ውጭ እንደሆኑ ነግረውናል። አላህ ሌሊቱን ሸፍኖት ያደረ ሰው፣ ጠዋት ተነስቶ ያደረገውን እያወራ ያንን መሸፈኛ በገዛ እጁ ይገፈዋል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አፉን ቢዘጋ አይፈረድበትም።

ግን እነዚሁ ሁለት ኢማሞች ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ያጠፋውን ሰው ታሪክም ዘግበዋል። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ አላህ እዝነት ስፋት ነው። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ሰውየው መናገሩ ነው። የሚጠይቀው ሰው ፈልጎ፣ ያደረገውን ቁጥሩን ሳይቀር ነገረው። የመጀመሪያው ተውባ የለህም ሲለው እሱንም ገድሎ መቶ ሞላው። ከዚያም፣ ሱብሃነላህ፣ እንደገና ሌላ ሰው ፈልጎ ጠየቀ! ዓሊሙም ገመናህን ለምን ገለጥክ አላለውም። ከተውባ የሚከለክልህ የለም አለው፤ ቀጥሎም ያለበትን አገር ትቶ አላህን የሚገዙ ሰዎች ወዳሉበት እንዲሄድ፣ ከእነሱ ጋር ሆኖ እንዲገዛ ነገረው።

በይፋ የሚያወራው ሰው የሚያወራው ወንጀሉ ስለቀለለው ነው። ይኼኛው የተናገረው ስለከበደው ነው። «ጠጥቻለሁ» የሚለው ያው አንድ ቃል ነው፤ ኒያው ግን ሰማይና ምድር። ደግሞም ዓሊሙ «ተው» ብቻ ብሎ አልሸኘውም። የሚሄድባቸውን ሰዎች ሰጠው።

ይህን የሰው አስፈላጊነት ሌሎችም በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ነጋዴ፣ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት እንዳለፉት፣ ለሥራ ወደ አክረን፣ ኦሃዮ ሄደ። ሥራው አልሳካ አለው፤ እንዳይጠጣ ፈራ። ስለዚህ እንደሱ በመጠጥ የሚቸገር ሌላ ሰው አፈላልጎ አገኘ፤ ቦብ ስሚዝ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተጀመረው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው። ዛሬም ወደ ስብሰባው ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም። የአባት ስም አይጠየቅም፤ ሰው ዝም ብሎ አዳምጦ መውጣት ይችላል። እዚያ የተሰማ እዚያ ይቀራል። እኛ አማና የምንለው ማለት ነው።

«ለምን ለመስጂድ ሰው አልነገርክም?» ብዬው ነበር። ሳቀ። የአንድ ልጅ ወሬ ዒሻ ሳይደርስ ደሴ ያሉት እናቱ ጋ መድረሱን አስታወሰኝ። የወንድሙን ገመና ለሸፈነ ሰው አላህ እንደሚሸፍንለት እየሰማን ያደግን እኛ ነን እንግዲህ።

ብዙዎቹ ስብሰባዎች የሚደረጉት በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ አንዳንዶቹም በክርስቲያን ጸሎት ይዘጋሉ። ይህ ያሳሰበው ሰው በዚያች ደቂቃ ዝም ማለት ወይም ቀደም ብሎ መውጣት ይችላል፤ የሚያስገድደው የለም። በኢንተርኔት የሚደረጉም አሉ። ሙስሊሞች ያቋቋሙትም አለ፦ ሚላቲ ኢስላሚ ይባላል፤ በ1989 እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር ተጀመረ፤ አስራ ሁለቱን እርምጃዎች በኢስላም ቃል አስቀምጧል።

ሁለት ነገር ደግሞ ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ሊጥለው ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ሌላው፣ ኸምር የጠጣ ሰው ሶላቱ ለአርባ ቀን ተቀባይነት አያገኝም የሚለውን ሐዲስ ሰምተው ሶላት የሚያቆሙ አሉ። ዑለማዎች ግልጽ አድርገውታል፤ ምንዳውን ያጣል እንጂ ግዴታው አይወርድለትም። ጠጣሁ ብሎ ሶላት መተው በቁስል ላይ ቁስል ነው።

ወንድሜ አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። «አላህን ብወድ ኖሮ እመለስበት ነበር?» አለኝ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ ወደሳቸው ይቀርብ የነበረውን ሰው ታሪክ ነገርኩት። ከነበሩት አንዱ ሲረግመው ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም። ፍቅሩም አልተካደም። ቡኻሪ ዘግቦታል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ቆየ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ አብሬው ሄድኩ፤ የማይጠጣም ሰው የሚገባበት ክፍት ስብሰባ ነበር። በክብ የተደረደሩ ወንበሮች፣ ቀጭን ቡና፣ አንድ ሰዓት። ምንም አልተናገረም። ቀጣዮቹን ሁለቱን ብቻውን ሄደ። ትናንት ማታ ዒሻ ላይ መስጂድ በር ተገናኘን። ጫማውን እያወለቀ፣ ቀና ሳይል፣ «ዛሬ ተናገርኩ» አለኝ። ኢቃም ተብሎ ነበርና ተያይዘን ሶፍ ገባን።