አስቀድሞ ስለ ማወቅ

ግሽ ዓባይ ላይ ቀጭኑን ምንጭ ያየ እንግዳ ታላቁ ወንዝ ከዚህ ይነሣል ቢሉት አያምንም። አልዛይመር የተባለውም የመርሳት ደዌ አጀማመሩ ስውር ነው፤ ምልክቱ ሳይታይ 20 ዓመት ያህል ቀድሞ አሚሎይድ የሚሉት ፕሮቲን በአንጎል ይከማቻል። ዛሬ ሐኪሞች ይህን ከደም ይለዩታል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደ፤ ይኸውም 55 ዓመት ለሞላቸውና ምልክቱ ለታየባቸው ነው።

ፈዋሽ መድኃኒት ሳይገኝ ማወቁ ምን ይረባል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይረባል እላለሁ። በቡሬ ገጠር ሽማግሌ ሲዘነጋ «ጃጀ» ተብሎ ይታለፋል፤ የመሬቱን ወሰን፥ ያበደረውን ገንዘብ ሳይናገር ይቀራል። አስቀድሞ ያወቀ ልቡ ሳለ ይናዘዛል፥ ከተጣላው ይታረቃል። ነገር ግን ልጆቹ ሰምተው በዚያው ቀን በሬውን ቢነጥቁትስ? ስለዚህ ሐኪሙ ደሙን ለሰጠው ሰው ብቻ ይንገር፤ ያውም ልወቅ ሲል።