ጥያቄው የማን ነው?

አንድ ማታ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ ጋደም ብዬ ስልኬን አወጣሁና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲህ ስል ጻፍኩለት፤ «እናቴ 74 ዓመቷ ነው። መንዝ ገጠር ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። አዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር እንድትኖር እንዴት ላሳምናት?» መልሱ ምራቄን እስክውጥ እንኳ አልቆየም። ሰባት ነጥብ ነበረው። ስሜቷን አክብር፤ መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ጋብዛት፤ ሐኪም ቅርብ መሆኑን አስረዳት፤ የምትወደውን ዘመድ አማላጅ አድርገህ ላክ፤ ሌላም ሌላም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሽማግሌ እንኳ እንዲህ የተሰናዳ ምክር አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በዚያም አላበቃሁም። በዚህ ዘመን «የአእምሮ ሞዴል» የሚባል ነገር አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ብሪታንያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኬኔት ክሬክ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሰው አእምሮ የዓለምን ትንሽ አምሳያ በውስጡ ይዞ እንደሚዞር፣ ሊያደርግ ያሰበውንም በዚያ አምሳያ ላይ አስቀድሞ እንደሚሞክር ጽፏል። ከእነዚህ ሞዴሎች አንዱ ነገርን ገልብጦ ማየት ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው የጀርመን የሒሳብ ሊቅ ያኮቢ ይመክረው ነበር ይባላል። እኔም ገለበጥኩና፣ «እናቴ እንዳትመጣ የሚያደርጋት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የለውጥ ፍርሃት፣ ልማድ፣ የባሏ መቃብር፣ በሰው ቤት ጥገኛ የመሆን ስጋት የሚል ዝርዝር መጣልኝ። ለእያንዳንዱም መልስ አዘጋጀሁ። ፈተና እንደሚቀመጥ ተማሪ አጥንቼ፣ ጓዜን ሸክፌ ወደ መንዝ ተነሣሁ።

መቼም ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጓሳን ሳያይ አያልፍም። ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ሣሩ እንደ ባሕር የሚተም፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የጋራ ምድር ነው። ሣሩ ጣራ ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። በትውፊት እንደሚነገረው ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አስቦና ጌራ የተባሉት ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ እየመረጡ፣ ቦታውን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ በቀጠሮ እየከፈቱ ይጠብቁት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። ኋላም የአካባቢው ሰው በሌላ መልክ ጥበቃውን አቋቋመ፤ ጓሳም እስከ ዛሬ አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ይህን ሳይ አንድ ዝነኛ ሞዴል ትዝ አለኝ። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለሁሉ ክፍት የሆነ የግጦሽ መሬት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉ የራሱ ነው፤ ጉዳቱ ግን የሁሉም ነው። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፤ መሬቱም ያልቃል። ስሌቱ እንከን የለውም። ነገር ግን በሃርዲን ሜዳ ላይ ያሉት እረኞች እርስ በርስ አይነጋገሩም! ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በልዩ ልዩ አገሮች የጋራ ግጦሽ፣ መስኖና ዓሣ ማስገሪያ የሚጠብቁ ሰዎችን ጉዳይ መረመረች፤ ሰዎቹ ተነጋግረው ደንብ እንደሚያወጡ አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘች። ሃርዲን ራሱም ኋላ ላይ፣ «ጠባቂ የሌለው የጋራ መሬት» ማለት እንደነበረበት አምኗል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ እኔው ራሴ በቦርሳዬ ምን ይዤ እንደምሄድ አላስተዋልኩም።

ሁለት ቀን ሙሉ ነጥቦቼን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች ሰማችኝ። በሦስተኛው ቀን፣ «ይህን ሁሉ እንዲህ ብለህ ንገራት ያለህ ማነው?» አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ፤ ስልኬን አሳየኋት።

«ያውቀኛል?»

«አያውቅሽም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነገርኸው?»

የጻፍኩትን አነበብኩላት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ብቻዋን ያልኸው ውሸት ነው» አለች።

ለካስ የጎረቤት ልጅ ማታ ማታ ከእሷ ዘንድ ያድራል። በጎቿን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ግልገሉን እኩል ይካፈላሉ። የልጁ ደብተርና ጫማ የሚገዛው ከዚያ ነው። እሷ ከሄደች በጎቹ ይሸጣሉ፤ ልጁም ይቀርበታል። ይህ በማሽኑ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ከእኔ ካልሰማው ከየት ያምጣው? «ለመሆኑ የቸገረሽ ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅኋት ያን ጊዜ ነው፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ጣራው» አለችኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ በአልጋዋ ራስጌ በኩል ሲያፈስ ኖሯል።

እንግዲህ ማሽኑ ጥፋተኛ ነው ለማለት አይደለም። የተጠየቀውን መልሷል። ይህ መሣሪያ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ፣ ከተሰጠው ቃል ቀጥሎ የሚስማማውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ነው። «ብቻዋን» ብዬ ከሰጠሁት፣ ብቻዋን የሆነች አሮጊት ይዞ ይነሣል። ጠያቂውን ደስ የማሰኘት ዝንባሌ እንዳለውም ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ጥፋቱ ያለው ጥያቄዬ ውስጥ ነው። ጥያቄ መስሎኝ የጻፍኩት ፍርድ ነበር። እናቴ መምጣት አለባት የሚለውን እኔ አስቀድሜ ወስኜ፣ ከማሽኑ የፈለግሁት ማስፈጸሚያውን ብቻ ነው። በአገራችን ወግ ዳኛ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ተከሳሽ ይጠራል። ማሽኑ ግን መጥሪያ መላክ አይችልም። ከፊቱ የሚቆመው ሁልጊዜ አንድ ወገን ነው፤ እሱም ስልኩን የያዘው።

«ታዲያ፣ የዘነጋሁት ነገር አለን ብለህ ብትጠይቀውስ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ኋላ ጠይቄው፣ «እናትህ ራሷ ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት» አለኝ። መልካም ምክር ነው። ግን መጠየቁን እሱ አያደርግልኝም። በሞዴሎቹም ቢሆን እንዲሁ ነው። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል፤ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነሱው ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው። የትኛው ለዛሬ እንደሚሆን ተረቱ አይናገርም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው አይቶ መምረጥ የሰሚው ፋንታ ነው።

የሽማግሌን ሸንጎ ለማወደስ ብቻም አልጻፍኩትም። በጥንቱ የጓሳ ሥርዓት ባለመብቱ በዘር የሚቆጠር ነበር፤ ከዘሩ ያልሆነ ሰው ሣሩን ከሩቅ ያይ ነበር። ያልተጠራ ሰው ድምፅ በሰው ሸንጎም አይሰማም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሸንጎ ላይ ያልተጠራው ሰው ደጅ ቆሞ ሊጮህ ይችላል። ስልኬ ላይ ግን የእናቴ ጩኸት የሚገባበት ደጅ አልነበረም። እሷን «ችግር» በሚል ርእስ ሥር መዝግቤ፣ ስለ እሷ ከሌላ ጋር መከርኩ። በደል ነው ወይ? ክፉ አላሰብኩም። ነገር ግን አንድን ሰው ሳይጠይቁ ስለ እሱ የተስተካከለ መልስ መያዝ፣ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ሰውየውን ማሳነስ ይመስለኛል።

ጣራው ተሠራ። ሣር ይሁን ቆርቆሮ የሚለውን እሷ መረጠች፤ ቆርቆሮ አለች። ስንት ቅጠል ቆርቆሮ እንደሚበቃ ያሰላልኝ ያው ማሽን ነው፤ ርዝመቱንና ስፋቱን ለክቼ ሰጠሁት፤ አንድ እንኳ አልጎደለም። ለዚህ ለዚህ ወደር የለውም።

ነገሩ ግን አላለቀም። ጉልበቷ እየደከመ ነው፤ የመንዝ ብርድ በባናም የማይመለስበት ሌሊት አለ፤ ልጁም ነገ ትምህርቱን ሲገፋበት መሐል ሜዳ መውረዱ አይቀርም። መምጣት ይኖርባት ይሆናል። ያን ቀን ሁለታችንም አብረን እንጠይቃለን ብያለሁ። ስሸኝ በር ላይ ቆማ፣ «አንተስ መቼ ትመጣለህ?» አለችኝ። አውቶቡሱ ጓሳን እስኪያልፍ ድረስ ሳስበው ነበር። ይህን ጥያቄ ለማንም ጽፌው አላውቅም።