አስጠንቃቂው ምን ዕዳ አለበት?

አንድ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ብናይ «ተመለስ!» ብለን እንጮሃለን። እዚህ ላይ የሚከራከር የለም። ግን ጮኸን መንገዳችንን ብንቀጥልስ? ሰውየው ዐይኑ የደከመ፣ ጉልበቱም የከዳው ቢሆንስ? ለመሆኑ ጩኸታችን ብቻውን ከዕዳ ነፃ ያወጣናል?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የአክስቴ ስኳር ነው። በሽታው እንኳ አልነበረባትም። ባለፈው ዓመት ጉልበቷን አሟት ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ በባዶ ሆዷ ደሟ ሲለካ ስኳሩ 112 ሆኖ ተገኘ። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ይባላል፤ 112 ግን አፋፉ ነው። ነርሷ ደጅ የተሰለፈውን ሕዝብ በአንድ ዐይኗ እያየች፣ «እማማ፣ ክብደት ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ጣፋጭ ይተዉ» ብላ ሸኘቻት። ጉልበቷን አሟት የመጣችን ሴት በእግርሽ ሂጂ ማለት! አክስቴም ሳትታመም ታማሚ ሆና ወጣች።

ወሬው ቨርጂኒያ ላለው ልጇ ደረሰ። እሱም እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ከነስልኩ ላከላት። እናት አዲስ አበባ ስትራመድ ቁጥሩ ልጅዋ ስልክ ላይ ይታያል። «እማዬ፣ ዛሬ 900 ብቻ?» ይላታል ማታ ማታ እየደወለ። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ 14,000 ገባ፤ ልጅዋም በደስታ ሰከረ። ለካስ ሰዓቱ የታሰረው ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያባርር በሚውለው የጎረቤት ልጅ እጅ ላይ ኖሯል። «ቁጥር ጠየቀኝ፣ ቁጥር ሰጠሁት» አለችኝ አክስቴ፣ ሳታፍር።

ሳቅሁ። በኋላ ግን ሳቁ አልዘለቀልኝም።

መሣሪያውን በደፈናው ማጣጣል ግብዝነት ነው። በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ፣ ልክ እንደ አክስቴ አፋፍ ላይ የነበሩ 537 ወንድ ሠራተኞች የተሳተፉበት፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ሁሉም በመነሻው ስለ አመጋገባቸውና ስለ እንቅስቃሴያቸው ምክር ተሰጣቸው። ግማሽ ያህሉ ግን በተጨማሪ የሞባይል አጭር መልእክት ይላክላቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መልእክት ካልደረሳቸው ውስጥ ከመቶ 27ቱ፣ ከደረሳቸው ደግሞ ከመቶ 18ቱ በበሽታው ተይዘው ተገኙ። ጥቂት ቃላት፣ ያውም በስልክ፣ ይህን ያህል ሠሩ ማለት ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ኮሽታ ሳያሰማ ዐይንን፣ ኩላሊትንና የእግርን ነርቭ ሊጎዳ የሚችል በሽታ ነውና፣ እያወቁ ዝም ማለትም በደል ነው።

ይሁንና ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታወቀው የአሜሪካው ጥናት 3,234 ሰዎችን ያቀፈ ነበር። ክብደት እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች፣ ምንም መድኃኒት ከሌለው የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት እንኳ የቀነሰው በ31 ከመቶ ነው። 58 የሚያኮራ ቁጥር ነው። ታዲያ ከቁጥሩ ጀርባ ማን ነበር? ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የተመደበ፣ በ16 ትምህርቶች አብሮት የተቀመጠ፣ ሲሰናከል ምን እንዳሰናከለው የሚጠይቅ ሰው ነበር። ዛሬ ያንን ትምህርት ስልክ ውስጥ ስንጭን፣ ሰውየውን ቀንሰን ቁጥሩን ማስቀረት እንችላለን? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመሩት አገር አቀፍ ፕሮግራም፣ አፋፍ ላይ ያለውን ሰው ከሐኪሙ መዝገብ ለይተው ለወራት ወደሚዘልቅ ክትትል ይልኩታል፤ በስልክና በኮምፒዩተር የመከታተል ምርጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ይባልልኝ።

እኔን የሚያስፈራኝ ማሽኑ አይደለም። ማሽን አይሰለችም፣ ፊቱን አያጠቁርም፣ የረሳነውንም ያስታውሰናል። የሚያስፈራኝ ዕዳው ባለቤት መቀየሩ ነው። ድሮ ሰው ሲታመም «እግዜር ይማርህ» ይባል ነበር። ነገ ግን መዝገቡ ይገለጥና፣ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት መልእክቱ ደርሶሻል፣ ከፍተሽ አንብበሻል፣ አልታዘዝሽም ሊባል ነው። ጉልበቷ፣ የሰፈሯ ጭቃ፣ የአትክልት ዋጋ በዚያ መዝገብ ላይ አይጻፉም። «ነግሬሽ ነበር» የምትለው ቃል የተናጋሪዋን እጅ ታጥባለች፤ ለሰሚዋ ግን አንዲት እርምጃ እንኳ አትራመድላትም።

አንድ ሐኪም ወዳጄ በዚህ ተቆጣኝ። «አንዲት ነርስ በቀን ስንቱን ታያለች? አብራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ አታስጠንቅቁ ካልከን ማንንም አናስጠነቅቅም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሙሉ መልስም አልነበረኝም። ግን አብሮ መሄድ ባይቻል «ምን ያዘሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መስማት ይቻላል። ከዚህ ያነሰ ዕዳ ያለ አይመስለኝም። አክስቴን ነርሷም፣ ልጅዋም፣ ሰዓቱም ይህን አልጠየቋትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅኋትም።

በቅርቡ እንደገና ስትለካ 118 ሆነ። የኳሱ ምሥጢርም ወጥቶ ልጅዋ «አታለልሽኝ» ብሎ ደወለ። «እንዴት ዋልሽ ብትለኝ ኖሮ፣ ጉልበቴ ደረጃውን እንኳ አላስወርድ እንዳለኝ እነግርህ ነበር» አለችው። ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ። አሁን የጉልበት ሐኪም ቀጠሮ ይዛለች። ሰዓቱ ግን እስከ ዛሬ ከልጁ እጅ አልወጣም።